ክረምት የሚሸጥላት ከተማ

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ማንደጃዋን ታወጣለች። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠልና ጭሱ ሲያልቅ ወደ ቤት ይገባል፤ ቡናው በዚያው ይፈላል፣ የልጆቹ እርጥብ ካልሲም በዚያው ይደርቃል። ስልክ ስንደዋወል «ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ» ትለኛለች። በዚያው ሰዓት ጅቡቲ ከተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፏል፤ ሐምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ መስኮቱን ይደበድባል፤ እኔም የቤቴን አንዲት ክፍል ዘግቼ እዚህ ክሊም የምንለው የአየር ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጫለሁ። እሷ ለመሞቅ ትከፍላለች፣ እኔ ለመብረድ። የሚገርመው የሁለታችንም ወጪ ዛሬ ከአንድ ዝናብ ጋር መያያዙ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ረጅም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በባቡር መጣሁ፣ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ወረቀት መጣል አይሆንላትም፤ የመብራት ደረሰኞቼ እንደ ሥራዬ ሰነድ በዓመት በዓመት ታስረው ቁም ሣጥን ላይ ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የዚህ ከተማ ወረቀት በዚያ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ።

ከተማይቱ የተቆረቆረችው በማገዶ ጉዳይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ፈረንሳይ በ1862 ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለውን ኦቦክን በ10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ስትገዛ ዓይኗ የመርከብ ማረፊያው ላይ ነበር። የዘመኑ መርከብ በእንፋሎት ይሄዳል፤ እንፋሎቱ የድንጋይ ከሰል ይበላል፤ ከሰሉም መንገድ ላይ የሚጫንበት ወደብ ይፈልጋል። ሆኖም ቦታው ከተገዛ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል የረባ ነገር ሳይሠራበት ቆየ። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት እንኳ የፈረንሳይ መርከቦች ዓደን ጎራ እያሉ ከእንግሊዞች ከሰል መጫንን መረጡ። ቅርብ ነው፣ የለመዱት ነው፣ ምን አደከማቸው?

ነገሩ የተበላሸው በ1880ዎቹ ፈረንሳይ በቶንኪን ሰበብ ከቻይና ጋር ስትዋጋ ነው። እንግሊዝ «በጦርነቱ ገለልተኛ ነኝ» ብላ ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ዓደን ላይ ከሰል ከለከለች። የዚያን ጊዜ ኦቦክ ትዝ አላቸው። በ1884 ሌዮንስ ላጋርድ አገረ ገዥ ሆኖ ደረሰ፤ የራሳቸው የከሰል ክምር ተከመረ። ኦቦክ ለመርከብም ለደጋው የንግድ መንገድም የማትመች ሆና ስለተገኘች ከ1888 ጀምሮ ወደ ደቡቡ ዳርቻ ተሻገሩ፤ በ1896 የአስተዳደሩ መቀመጫ ጅቡቲ ሆነች። በዚህ አካባቢ መጀመሪያ አቅራቢውን የቀየረ ደንበኛ እንግዲህ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ነው። ያስቀየረውም የዋጋ ቅናሽ አልነበረም፤ መከልከል ነው።

ያ ሁሉ ከሰል ለመርከብ እንጂ ለቤት አልነበረም። ከጀልባ ወደ መርከብ በቅርጫት የሚያመላልሱት የሶማሌ፣ የአፋርና የየመን ሰዎች ማታ ቤታቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው የእንጨት እሳት ነው። ከሙቀት መከላከያውም እንደ ኑሮው ይለያይ ነበር። ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ ወፍራም ግድግዳ አቆሙ፤ በኖራ ነጭ ቀቡት፤ ጣሪያውን ከፍ አደረጉት፤ ፊት ለፊቱን በቅስትና በበረንዳ ሸፈኑት። በምኒልክ ስም ይጠራ በነበረው አደባባይ ዙሪያ ዛሬም አንዳንዱ ቆሞ ይታያል፤ ቀትር ላይ ቅስቱ ሥር ሲገቡ ልዩነቱ በቆዳ ይታወቃል። የሠራተኛው ቤት በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራ ነው። ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ጠጥቶ ማታ መልሶ ይተፋዋል፤ ስለዚህ ሰዉ አልጋውን ይዞ ደጅ ወይም ሰገነት ላይ ይተኛል። እኔ ስመጣም ሰፈራችን በበጋ እንዲሁ ያድር ነበር። በጋ ስል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ማለቴ ነው፤ እዚህ ወሮቹ ተገልብጠዋል።

ምድር ባቡሩ ለዚህ ኑሮ ሁለት ነገር ጨመረ። ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፣ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ በናፍጣ ይጎተት ነበር። አንደኛው ጥቅም ከሰል ነው፤ የደጋና የቆላ ግራር ማለቴ ነው። እኔ የመጣሁበት ባቡር አዲጋላና አይሻ ላይ ሲቆም በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ከሰል በመስኮትም በበርም ሲጫን አይቻለሁ። ባለ ከሰሎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከትኬት ቆራጩ ጋር የሚነጋገሩት በሶማልኛ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ እንደ ቆራጩ ነው። ድንበሩን ደወሌን ሲያልፉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ አሊ ሳቢህ ሲደርሱ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጥቅም ራሱ መንገዱ ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ቤት ማምጣት ካልተቻለ ቤተሰቡን ወደ ቀዝቃዛው አየር መውሰድ ነው። ባለሥልጣኖቹ ከፍ ወዳለው ወደ አርታ ይወጡ ነበር፤ የከተማው ነጋዴና ጸሐፊ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚስትና ልጆቹን በባቡር ድሬዳዋ ይልካል። ልጅ ሆኜ የጅቡቲ እንግዶች ሲመጡ የሰፈራችን ቤት ኪራይ ሽቅብ ሲል አስታውሳለሁ። ለእኛ ድሬ ራሷ ምድጃ ናት፤ እነሱ ግን 1,200 ሜትር ላይ ወጥተው የሌሊቱን አየር ሲያገኙ ብርድ ልብስ ይጠይቁናል። ያን ጊዜ አፌን በእጄ ሸፍኜ እስቅ ነበር፤ አንድ ሐምሌ እዚህ ካደርኩ በኋላ አልሳቅሁም። በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ካየነው ይህ ከተማይቱ ካወቀችው የማቀዝቀዣ ዘዴ ሁሉ ሳይረክስ አይቀርም፤ የሦስተኛ ማዕረግ ትኬትና የዘመድ ቤት ነውና የሚጠይቀው።

በ1977 ግን ባቡሩ ቆመ። ጅቡቲ ሰኔ 27 ቀን ነፃነቷን ባወጀችበት ሰሞን የኦጋዴን ጦርነት ተነሥቶ ድልድዮች ፈረሱ፤ መስመሩ ለአንድ ዓመት ያህል ተዘጋ። እኔ ድሬ ተማሪ ነበርኩ፤ የለመድነው የባቡር ጡሩምባ ጠፍቶ ጣቢያው ጭር ሲል ትዝ ይለኛል። ጅቡቲ በኩል የነበሩት ጎረቤቶቼ የሚያስታውሱት ሌላ ነው፤ አትክልቱም ከሰሉም ጠፍቶ ወጥ በላምባ የሚሠራበት ቤት የበዛው ያኔ ነው ይላሉ።

ላምባ እዚህ ለመግባት አልተቸገረም። መርከቦቹ ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት ሲዞሩ ወደቡም አብሮ ዞሮ ነበር፤ ከሰል ሲከመርበት የኖረው ዳርቻ በርሜልና ማጠራቀሚያ ተተከለበት። የስዊዝ ቦይ ከሰኔ 1967 እስከ ሰኔ 1975 ተዘግቶ መርከብ ሲጠፋ ወደቡ ምን ያህል እንደተራበ አሮጌ የወደብ ሠራተኞች ሲያወሩ መስማት ነው። ለቤት እመቤት ግን ላምባ በቆርቆሮ ተለክቶ ከየሱቁ የሚገዛ፣ ባቡር የማይጠብቅ ማገዶ ሆነ። ባለ ክሩ ምድጃ ሥር ሲያጨስ ድስቱን ያጠቁራል፣ ወጡም ሽታውን ይይዛል። የሆነ ሆኖ ብዙው የከተማው ድሃ ዛሬም የሚያበስለው በዚሁ ነው። ድስት ሲጣድ ከቤት ውጪ እንዲሆን የሚያስገድደውም ጭሱ ብቻ አይደለም፤ በ40 ዲግሪ ቤት ውስጥ ሌላ እሳት ማን ይጨምራል?

የኤሌክትሪክ ድርጅቱ፣ ኤሌክትሪሲቴ ደ ጅቡቲ፣ ከ1960 ጀምሮ አለ። ወንዝ የሌላት አገር ስለሆነች ኃይሉ የሚመነጨው ከነዳጅ ሞተር ነበር፤ ቡላዎስ ያለው ጣቢያ ሲያጓራ ከሩቅ ይሰማል። የዚህ ትርጉሙ ደረሰኜ ላይ ይታያል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ሌላው አገር «ምንዛሪው ነው» ተብሎ የሚሳበብበት ነገር የለም። የሚነቃነቀው ነዳጁ ነው። በሐምሌ 2008 የድፍድፍ ዘይት በርሜል ወደ 147 ዶላር ሲወጣ ከተማው ሁሉ ክሊሙን የሚከፍትበት ወር ነበር። ዓለም በውድ የሸጠበት ወርና እኛ ብዙ የገዛንበት ወር ገጠሙ። በመሥሪያ ቤታችን አለቆቹ ሳይቀሩ ቢሮ ውስጥ ያመሹ ጀመር፤ ሥራ በዝቶ እንዳይመስላችሁ።

የእህቴ ክረምት ወደ እኔ ቤት የገባው በ2011 ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአዲጋላና በአሊ ሳቢህ አድርጎ ጅቡቲ የሚደርስ 283 ኪሎ ሜትር፣ 230 ኪሎ ቮልት መስመር በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ተዘርግቶ ሥራ ጀመረ። ምሰሶዎቹ የሚወርዱት ያው ከሰል ጫኞቹ ሴቶች በወረዱበት አቅጣጫ ነው። በእነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያ ግድቦቿን በላይ በላይ ትጨርስ ነበር፤ ተከዜ በ2009፣ ጊቤ ሁለትና በለስ በ2010። የውሉ ውበት ወራቱ ላይ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ወርዶ ግድብ የሚሞላው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ እዚህ ክሊሙ ሌት ከቀን የሚሠራውም በዚያው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንዱ ሲተርፈው ሌላው ያጣል። እህቴ ጣሪያዋን ሲደበድብ የሚያስመርራት ውኃ ተርባይን አዙሮ፣ በረሃ አቋርጦ እኔን ያበርደኛል። እሷ ይህን ስነግራት «ታዲያ ኪራዩን ላኪልኝ» አለችኝ።

የኪራዩ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ የእኔ ሙያ እዚያ ላይ ነውና። ጅቡቲ ከኢትዮጵያ የምትገዛው በኪሎ ዋት ሰዓት ከ6 እስከ 7 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ነው። ቤት ቆጣሪ ላይ ሲደርስ ለተራ ደንበኛ ወደ 30 ሳንቲም ይጠጋል፤ በአፍሪካ ከውዶቹ የሚቆጠር ዋጋ ነው። ሰዉ ይህን ልዩነት ሲሰማ «ተበላን» ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም፤ ጥቂት የሒሳብ መዝገብ ስላየሁ። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር የነዳጅ ሞተሮቹ ተነሥተው መያዝ አለባቸው፤ ሥራ ላይ ባይሆኑም ዘይት፣ መለዋወጫና ደመወዝ ይበላሉ። በየሽቦው የሚባክን አለ፣ የማይሰበሰብ ሒሳብ አለ፣ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ወጪው የሚካፈልበት ደንበኛ ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ ደምሬም ግን የ6 ሳንቲሙ ርካሽነት ወደ እኔ ደረሰኝ ሲወርድ መንገድ ላይ ብዙ እንደሚቀር ይታየኛል። የአቅራቢው መቀየር ድርጅቱን ከነዳጅ ገበያ መከራ አሳርፎታል፤ ቤተሰቡን ያን ያህል አላሳረፈም።

ውኃም እንደ ነዳጅ የራሱ ክፉ ዓመት እንዳለው በግንቦት 2019 ታየ። የጊቤ ሦስት ውኃ ወርዶ ኢትዮጵያ 476 ሜጋ ዋት ጎደላትና አዲስ አበባ ወደ ፈረቃ መብራት ገባች፤ ወደ ውጭ የሚሸጠውም ተቀነሰ። እህቴ ቤት በዚያ ሰሞን ላምባ ተገዛ። ያ ላምባ የመጣው በእኔ ከተማ በኩል ነው። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ፣ በ1998ም ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ ነዳጅ በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው፤ ከዶራሌ ወደብ የሚቀዱት ቦቴዎች ሲወጡ እኔ የስንቶቹን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ስለዚህ በአንድ በረሃ ሁለት ነገር ይተላለፋል፤ ወደ ታች መብራት በሽቦ፣ ወደ ላይ ነዳጅ በቦቴ። ከ2018 ጀምሮ መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ውኃም ቢሆን ከ2017 ወዲህ ከኢትዮጵያ፣ ከሀዳጋላ ጉድጓዶች በቧንቧ ይመጣልናል። የፖለቲካ ሰዎች ስለ ወንድማማችነት ሲናገሩ የምሰማው በአንድ ጆሮ ነው፤ ቧንቧና ሽቦ የበለጠ ያሳምነኛል።

ሊዮን የምትኖረው የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን ደውላ፣ «አክስቴ፣ የመብራት ድርጅት ቀየርኩ፤ ማሞቂያው ቀለለልኝ፤ አንቺስ ለምን አትቀይሪም?» አለችኝ። ፈረንሳይ ከሐምሌ 2007 ጀምሮ ማንኛውም ቤተሰብ ኃይል ሻጩን እንዲመርጥ ፈቅዳለች። ልጅቷ ወንበሯ ላይ እንዳለች ዋጋ አነጻጽራ ውል ፈርማለች፤ ሽቦውም ቆጣሪውም አልተነካም። እዚህ የሚመርጥ ቤተሰብ አለ ከተባለ በከተማችን ዳርቻ በበልበላ ሰፈር ያለው ነው። ቆጣሪ ያልደረሰው ሰው ቆጣሪ ካለው ጎረቤት ሽቦ ስቦ በወር ይከፍላል፤ ጎረቤቱ ዋጋ ቢቆልልበት ወደ ወዲያኛው ጎረቤት ይዞራል። ዋጋው ከሕጋዊው ይበልጣል፣ ሽቦውም አደጋ ነው። ለእሷ ይህን አልነገርኳትም፤ ቀልድ መስሏት ትስቃለች ብዬ።

ሕጉ ግን ሳይነካ አልቀረም። በ2015 የወጣ ሕግ ኃይል ማመንጨትን ለግል ኩባንያዎች ከፈተ፤ ሻጩ ያው አንድ ሆኖ ቀጠለ። የመጀመሪያው ትልቅ ፍሬ በመስከረም 2023 የተመረቀው የጉበት የነፋስ ጣቢያ ነው፤ 17 ተርባይኖች፣ 60 ሜጋ ዋት። ጉበትን የሚያውቅ ሰው ነፋሱ የመኪና በር ሲገነጥል ያየ ነው፤ ለምን ይህን ያህል ዘገየ ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይደነቅም። ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ባለው በአሳል ሐይቅ አጠገብ፣ የምድር እንፋሎት ፍለጋ ከ1975 ጀምሮ ይቆፈራል። የተገኘው ውኃ ጨው የበዛበት ሆኖ ቧንቧ እየደፈነ አስቸገረ። ሌላው ቀርቶ ቤታቸውን በምድር እንፋሎት የሚያሞቁት አይስላንዶች በ2000ዎቹ መጨረሻ መጥተው ውል ተዋውለው ነበር፤ የባንኮቻቸው ቀውስ መለሳቸው። ከበረዶ አገር መጥተው ሙቀት ሊሸጡልን ነው ብለን ቢሮ ውስጥ ስንቀልድ ነበር።

እስከዚያው የቤት ወጪ የሚቀነሰው በቤት ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይለኛ ነው፤ ክሊም እየሠራ ምጣድ መጣድ ኪስን በሁለት በኩል መቅደድ ነው፤ አንዱ ያሞቃል፣ ሌላው ያንን ለማውጣት ይለፋል። ስለዚህ እንጀራዬን የምጋግረው ጎህ ሳይቀድ፣ በሩን ከፍቼ ነው። ሰገነቴን እንደ ጥንቶቹ በኖራ ነጭ አስቀብቻለሁ። እርጥብ ምንጣፍ መስኮት ላይ መስቀል ሐምሲን ሲነፍስ ያበርዳል፤ አየሩ ደረቅ ነውና። መስከረም ላይ ባሕሩ እርጥበት ሲያመጣ ግን ያው ምንጣፍ ቤቱን ያፍነዋል፤ አዲስ የመጡ ልጆች ይህን ሳያውቁ ይሰቃያሉ። ቁርጥ ያለው ዘዴ አንድ ክፍል ብቻ ማቀዝቀዝ ነው፤ እንግዳም ቢመጣ እዚያው ይገባል፤ ቡናው፣ ጨዋታው፣ የልጆቹ ጥናት፣ ሁሉም በዚያች ክፍል ይሆናል።

አሁን ሁለተኛ መስመር በዓለም ባንክ ድጋፍ በሰመራና በጋላፊ አድርጎ እዚህ ናጋድ እንዲደርስ ታቅዷል፤ በመስከረም 2025 የህዳሴው ግድብ ሲመረቅም የጅቡቲው ፕሬዚዳንት ጉባ ላይ ተገኝተው ነበር። የሚመጣው ኃይል ይጨምራል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጠብቀው መብራት እንዳይቋረጥ ነው። የእኔ ጥያቄ ደረሰኙ ላይ ነው። ደጋው ሲዘንብ የሚገዛው ኃይል ርካሽና የተትረፈረፈ ከሆነ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የቤት ዋጋ ያንን ግዢ ተከትሎ ይውረድ፤ ሞተሮቹ የሚነሡበት ወር ደግሞ ለብቻው ይታይ። ይህን በወረቀት ሠርቼ ቡና ላይ ለጎረቤቶቼ አሳየኋቸው፤ ሁለቱ ቀድሞ የወደብ ሒሳብ ሹሞች ናቸው። ሳቁብኝ። ስህተቱን አሳዩኝ ብላቸው ግን ወረቀቱን ተቀባብለው መልሰው ሰጡኝ።